«ሄልድ ብሮክን ፓኬጅስ» ሲልሽ ምን ማለቱ ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም። ሁለት ማሽን ላይ ተቸግሬያለሁ። የቢሮው ሰርቨር ኡቡንቱ 22.04 ነው። አፕት-ጌት አፕግሬድ ስለው አምስት ፓኬጆችን «ኬፕት ባክ» ብሎ ያልፋቸዋል። ላፕቶፔን ደግሞ ከ22.04 ወደ 24.04 አፕግሬድ አደረግኩት። ከዚያ ድሮ አውርጄ ያስቀመጥኩትን የሂሳብ ፕሮግራም ዴብ ፋይል ልጭን ስል «አንሜት ዲፔንደንሲስ» ይልና መጨረሻ ላይ «ዩ ሃቭ ሄልድ ብሮክን ፓኬጅስ» ብሎ ይቆማል። እኔ ምንም ፓኬጅ ሆልድ አላደረግኩም። በዲፒኬጂ አስገድጄ ስጭነው ጭራሽ ባሰበት። አሁን ሌላ ነገር ልጭን ስል እንኳ ስለዚያው ፕሮግራም ያወራል። ሁለቱንም ፎርማት አድርጌ ልገላገል?

መልስ፦

እህቴ፣ ሁለቱንም ፎርማት አታድርጊ። ሰርቨሩ ጤነኛ ነው። ላፕቶፑም በአንድ ትዕዛዝ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያስቸገረሽ ማሽኑ ሳይሆን መልእክቱ ነው። መልእክቱ ደግሞ እውነትም ያደናግራል። ስለዚህ መፍትሔውን ብቻ ጽፌ ከማልፍ፣ እንዴት እንደሚነበብ አብረን እንየው። ይሄኛው ቢስተካከል እንኳ በሚቀጥለው ወር በሌላ ፓኬጅ ስም ይመጣብሻል።

ትዕዛዞቹን እዚህ የምጽፋቸው እንደሚነበቡ ነው። ተርሚናል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል እንደምትጽፊያቸው ታውቂያለሽ።

መጀመሪያ አፕት ምን እንደሚሠራ ላስታውስሽ። ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ ፓኬጆችን፣ ማለትም የታሸጉ ፕሮግራሞችንና ክፍሎቻቸውን፣ የሚጭነውና የሚያድሰው እሱ ነው። እያንዳንዱ ፓኬጅ የራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው። አንዱ «እኔ የምገባው እከሌ ካለ ነው» ይላል፤ ዲፔንደንሲ የሚባለው ይህ ነው። ሌላው «እከሌ መኖሩ አይበቃኝም፣ ስሪቱ 2.38 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት» ይላል። «እኔና እከሌ አንድ ቤት አንገባም» የሚልም አለ። አፕት በመሃል የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። ሁሉም የሚስማሙበትን ውል ይፈልጋል። ካገኘ ሥራው ይቀጥላል። ካላገኘ ማንንም ሳይነካ ይነሳል። ይህን ልብ በይልኝ፦ አፕት ገና ስሌቱ ላይ «አልቻልኩም» ብሎ ሲቆም ማሽንሽ ላይ አንድም ፓኬጅ አልቀየረም።

የሽማግሌው ሥራ ቀላል እንዳይመስልሽ። በ2005 እና 2006 ገደማ ኢዶስ የተባለ የአውሮፓ ፕሮጀክት ተመራማሪዎች ጉዳዩን በጥልቀት አይተውታል። አንድ ፓኬጅ ከነዲፔንደንሲው ይጫናል ወይስ አይጫንም የሚለው ጥያቄ፣ ኤንፒ-ኮምፕሊት ከሚባሉት ከባድ ችግሮች አንዱ መሆኑን አሳዩ። የኡቡንቱ ሪፖ (የፓኬጆች ማከማቻ) ውስጥ ያሉት ፓኬጆች ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ሁሉንም ጥምረት መሞከር አይታሰብም። ስለዚህ አንቺ ጋ ያለው የአፕት ፈቺ (ውሉን የሚፈልገው ክፍል) በአቋራጭ ነው የሚሄደው። ለእያንዳንዱ ፓኬጅ መጀመሪያ አንድ እጩ ይመርጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ አዲሱን ስሪት። ከዚያ የተጋጨውን እየነካካ ለመጠገን ይሞክራል። ሳይሆንለት ሲቀር የሚያሳይሽ ጥገናው የቆመበትን ቦታ ነው። ጠቡ የተነሳበትን ቦታ አይደለም። ሰው ሁሉ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። መልእክቱ ውሸት የለበትም። ግን የሚናገረው ስለ መጨረሻው ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ሰርቨሩ እንሂድ። አምስቱን ፓኬጆች ዘርዝረሽልኛል። ሦስቱ የከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ናቸው፦ ሊኑክስ-ጀነሪክ፣ ሊኑክስ-ኢሜጅ-ጀነሪክ እና ሊኑክስ-ሄደርስ-ጀነሪክ። ሁለቱ ሶፍትዌር-ፕሮፐርቲስ-ኮመን እና የፓይተን ጓደኛው ናቸው። አንድ መስመር ላይ ተሰልፈው ስላየሻቸው ችግራቸው አንድ ይመስላል። አይደለም። ለየብቻ ናቸው።

የከርነሎቹ ነገር እንዲህ ነው። ሊኑክስ-ኢሜጅ-ጀነሪክ ራሱ ከርነል አይደለም። «አሁን ያለው አዲሱ ከርነል ይህ ነው» ብሎ የሚጠቁም ባዶ ፓኬጅ ነው። እውነተኛው ከርነል የስሪት ቁጥሩን ስሙ ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አዲስ ከርነል በወጣ ቁጥር ለአፕት ማሽንሽ ላይ ያልነበረ፣ አዲስ ስም ያለው ፓኬጅ ነው። አንቺ ደግሞ የተጠቀምሽው አፕት-ጌት አፕግሬድ ነው። እሱ ጥብቅ ሕግ አለው፦ ያለውን ያድሳል እንጂ አዲስ ፓኬጅ አያስገባም፣ ያለውንም አያስወጣም። ሕጉን ማክበር ስላለበት ከርነሎቹን «ባሉበት ትቻቸዋለሁ» አለሽ። ኬፕት ባክ ማለት ይኸው ነው። ስህተት አይደለም፣ ማስጠንቀቂያም አይደለም። «በሰጠሽኝ ሥልጣን ይህን ማድረግ አልችልም» ማለት ነው።

በ2014 የመጣው አጭሩ አፕት የሚባለው ትዕዛዝ ትንሽ ሰፋ ያለ ሥልጣን አለው። አፕት አፕግሬድ ስትዪው አዲስ ፓኬጅ ማስገባት ይፈቀድለታል። ማስወጣት ግን አይፈቀድለትም። ሦስቱን ከርነሎች በእሱ ታገኛቸዋለሽ። ሦስተኛው አፕት ፉል-አፕግሬድ ነው። እሱ ካስፈለገው ያስወጣልም። ብዙ ሰው «አልሠራ ሲልሽ ፉል-አፕግሬድ በዪ» ብሎ ይመክራል። እኔ ሰርቨር ላይ በዚህ ምክር አልስማማም። ማስወጣት እንዲችል የምትፈቅጂለት፣ ምን እንደሚያስወጣ በዓይንሽ ካየሽ በኋላ ብቻ ይሁን።

ሁለቱ የቀሩት ላይ ግን አፕት አፕግሬድም አይሠራም። ትሞክሪውና እንደገና «ኬፕት ባክ» ይልሻል። ምክንያቱ ሌላ ነው። ኡቡንቱ ብዙዎቹን ዝመናዎች በአንድ ቀን ለሁሉም ማሽን አይሰጥም። በመጀመሪያ ለጥቂት መቶኛ ማሽኖች ይለቀቃል። የብልሽት ሪፖርት ካልበዛ መቶኛው እየጨመረ ሄዶ 100 ይደርሳል። ችግር ከታየ እዚያው ይቆማል። ይህን ደረጃ በደረጃ ማሰራጨት «ፌዝድ አፕዴት» ይሉታል። አፕት ራሱ ይህን ማክበር የጀመረው ከኡቡንቱ 21.04 ወዲህ ነው። የአንቺ ማሽን ተራው መቼ እንደሚደርስ የሚወስነው ከማሽኑ መለያ ቁጥር፣ ከፓኬጁ ስምና ከስሪቱ የሚሰላ ዕጣ ነው። ለዚህ ነው ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ሰርቨሮች አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ከነገ ወዲያ የሚዘመነው።

ያሳዘነኝ ነገር 22.04 ይህን ለይቶ አይነግርሽም። ከርነሉንም ተራ ጠባቂውንም አንድ ላይ «ኬፕት ባክ» ብሎ ይደፍናቸዋል። 24.04 ላይ ይህ ተሻሽሏል፤ «በፌዚንግ ምክንያት የዘገዩ» ብሎ ለብቻቸው ይዘረዝራቸዋል። አንቺ ግን ሰርቨሩ ላይ ራስሽ ማረጋገጥ ትችያለሽ። አፕት ፖሊሲ ብለሽ የፓኬጁን ስም አስከትዪ። ከአዲሱ ስሪት ቁጥር አጠገብ፣ እዚያው መስመር ላይ «ፌዝድ» የሚል ቃልና መቶኛ ካየሽ ነገሩ አለቀ። መጠበቅ ብቻ ነው። የደኅንነት ዝመናዎች በዚህ መንገድ አይዘገዩም፣ ስለዚህ መጠበቅሽ ማሽኑን አያጋልጠውም።

እዚህ ላይ ሰዎች አንድ ነገር ያደርጋሉ፣ አንቺ ግን አታድርጊው። አፕት ኢንስቶል ብለው የፓኬጁን ስም ጠርተው ያስገድዱታል። ይገባል፣ እውነት ነው። ግን አንደኛ፣ ገና እየተፈተነ ያለን ነገር በፈቃድሽ ቀድመሽ ወሰድሽ። ሁለተኛ፣ አፕት ያንን ፓኬጅ «ባለቤቷ በእጇ የጫነችው» ብሎ ይመዘግበዋል። ወደፊት ማንም የማይፈልገው ቢሆን እንኳ አውቶሪሙቭ (የማያስፈልጉትን የሚያጸዳው ትዕዛዝ) አይነካውም። እንዲህ የተጠራቀሙ ፓኬጆች ናቸው ከሁለት ዓመት በኋላ ትልቁን አፕግሬድ የሚያንቁት።

የሰርቨሩ ጉዳይ ይኸው ነው። ላፕቶፑ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ዋናው ትምህርት ያለው እዚያ ነው።

የላክሽልኝን አውትፑት እንየው። መጨረሻው ላይ «ዩ ሃቭ ሄልድ ብሮክን ፓኬጅስ» ይላል። ቀይ ሆኖ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሰው ሁሉ እሱን ገልብጦ ጎግል ያደርጋል። ከመላው አውትፑት ግን ምንም የማይነግርሽ መስመር እሱ ነው። ሽማግሌው «አልታረቁልኝም» ብሎ ሲነሳ የሚናገራት የመሰናበቻ ቃል ናት። አንድ ፓኬጅ በሆልድ መታሰሩ፣ ማለትም ባለበት ስሪት እንዲቆይ መደረጉ፣ ውል እንዳይገኝ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ ስለሆነ ነው ቃሉ የገባው። ያንቺን ለማረጋገጥ አፕት-ማርክ ሾውሆልድ በዪ። ባዶ ከመለሰ ሆልድ የሚለውን ቃል እርሺው፤ አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም።

ቁም ነገሩ ከእሷ በላይ ያለው ነው። ያንቺ አውትፑት ላይ የፕሮግራሙ ስም አለ፣ ከአጠገቡ «ዲፔንድስ» ይላል፣ ከዚያ ሊብአይሲዩ70፣ ከዚያ «በት ኢት ኢዝ ኖት ኢንስቶለብል»። ይህን መስመር እንደ ሦስት ጥያቄ አንብቢው። ማን ነው የጠየቀው? ፕሮግራሙ። ምን ጠየቀ? ሊብአይሲዩ70ን። ምን መልስ አገኘ? ጭራሹኑ የለም።

መልሱ ላይ ያለችው የቃል ልዩነት ትልቅ ናት። አፕት በዚህ ቦታ የሚሰጣቸው መልሶች ሦስት ዓይነት ናቸው፣ ሰው ግን ሁሉንም «አልተሳካም» ብሎ ያነባቸዋል። «ኖት ኢንስቶለብል» ሲል በዚህ ስም የሚጫን ፓኬጅ የትኛውም ሪፖሽ ውስጥ የለም ማለቱ ነው። «ኖት ጎይንግ ቱ ቢ ኢንስቶልድ» ሲል ግን ፓኬጁ አለ፣ ሽማግሌው ግን ላለማስገባት ወስኗል። ለምን? ምክንያቱ አንድ ደረጃ ወደ ታች ነው፤ ያንን የተባለውን ፓኬጅ ለብቻው ኢንስቶል በዪው፣ የሚቀጥለውን እንቅፋት ይነግርሻል። እንዲህ እየወረድሽ ታችኛው ላይ ትደርሻለሽ። ሦስተኛው «በት» ብሎ የስሪት ቁጥር የሚጠራበት ነው። ለምሳሌ ለ24.04 የተሠራ ፕሮግራም 22.04 ላይ ለመጫን ብትሞክሪ፣ ሊብሲ6 2.38 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ ያለው ግን 2.35 ነው ሊልሽ ይችላል። ፓኬጁ አለ፣ ዕድሜው ነው ያልገጠመው።

የዚህ የሦስተኛው አንድ መንታ አለ፣ ብዙ ሰው አምጥቶልኛል። ዴቭ የሚል ጭራ ያለው ፓኬጅ፣ ለምሳሌ ሊብኤስኤስኤል-ዴቭ፣ ወንድሙን በትክክል በዚያው የስሪት ቁጥር ነው የሚፈልገው። ማሽኑ ላይ ያለው ወንድም ግን ከእሱ አንድ እርምጃ ቀድሞ ተዘምኗል። አፕት አዲሱን ይዞ «አሮጌውን ነው የምፈልገው» ሲል ሰው ይደናገጣል። አብዛኛውን ጊዜ የአፕዴትስ ሪፖው ስለተዘጋ ወይም አፕት አፕዴት ሳይባል ስለቆየ ነው። ሪፖውን መክፈት፣ አፕዴት ማለት፣ አለቀ።

ወደ ሊብአይሲዩ70 እንመለስ። ይህ ላይብረሪ (ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) ፕሮግራሞች የዓለምን ቋንቋዎች በትክክል እንዲይዙ የሚያግዝ ነው። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር እንኳ ውስጡ አለ፤ አስራ ሦስቱን ወር ያውቃል። ስሙ ላይ ያለው 70 ግን ጌጥ አይደለም። ላይብረሪው ትልቅ ለውጥ ባደረገ ቁጥር ቁጥሩ አብሮ ይቀየራል። 22.04 ላይ 70 ነበር። 24.04 ላይ 74 ነው። ለአፕት እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። «70ን ጥሩልኝ» ሲባል 74ን አያቀርብም። ማቅረብም የለበትም፤ ለ70 የተሠራ ፕሮግራም 74 ውስጥ የሚፈልገውን በር ላያገኘው ይችላል።

አየሽ፣ ያንቺ ዴብ ፋይል ለ22.04 የተሠራ ነው። ላፕቶፑን ስታሳድጊው በስተመጨረሻ «ያረጁ ፓኬጆችን ላስወግድ?» ብሎ ጠይቆሻል። አዎ ብለሻል። ትክክል ነሽ። ሊብአይሲዩ70 ያኔ ነው የሄደው። አፕት ፖሊሲ ሊብአይሲዩ70 ብለሽ ብትጠይቂው «ኢንስቶልድ፦ ነን፣ ካንዲዴት፦ ነን» ይልሻል። አልተጫነም፣ እጩም የለውም። ሙሉው ምስጢር በእነዚህ ሁለት መስመሮች ውስጥ ነው። ሪፖ ውስጥ ዓመት ብትፈልጊው አታገኚውም።

ከዚያ ዲፒኬጂን ተጠቀምሽ። እዚህ ነው ያጠፋሽው፣ ጥፋቱ ግን የሚታረም ነው። ዲፒኬጂ ሽማግሌ አይደለም። የሰጠሽውን ሳጥን ይከፍታል፣ ፋይሎቹን ቦታ ቦታ ያስይዛል፣ ከዚያ «ዲፔንደንሲው አልተሟላም» ብሎ ሳያዋቅረው ይተወዋል። ፕሮግራሙ ግማሽ ገብቶ ግማሽ ውጭ ቀረ። አፕት ደግሞ ቤቱ ውስጥ ያልተቋጨ ነገር እያለ አዲስ እንግዳ አይቀበልም። ሌላ ነገር ልትጭኚ ስትዪ ስለዚያው የሚያወራው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ራሱ የሚነግርሽ ነው፦ ሱዶ አፕት፣ ሁለት ሰረዝ ፊክስ-ብሮክን፣ ኢንስቶል። ግን ከማስገባትሽ በፊት አንድ ነገር እወቂ። ብዙ ሰው ፊክስ-ብሮክን ሲል ፕሮግራሜን አስተካክሎ ይጭንልኛል ብሎ ይጠብቃል። አፕት ግን ሊብአይሲዩ70ን ከየትም ማምጣት አይችልም። የቀረው መንገድ አንድ ነው፦ ፕሮግራሙን ማስወጣት። «ይህን አስወግዳለሁ» ብሎ ያንን አንድ ስም ብቻ ሲያሳይሽ እሺ በዪው። ላፕቶፑ ያኔ ይተነፍሳል።

ፕሮግራሙስ? መጀመሪያ ሠሪዎቹ ለ24.04 ያወጡት ካለ እሱን አውርጂ። ሁልጊዜ ከዚህ ጀምሪ፤ ብዙ ጊዜ አለ፣ ሰው ግን ድሮ ያስቀመጠውን ፋይል ነው የሚያወጣው። ዳታው ስለሚወደድ እንደሆነ ይገባኛል። ስናፕ ወይም ፍላትፓክ በሚባሉት የአስተሻሸግ ዓይነቶች ካለም የራሱን ላይብረሪ ይዞ ስለሚመጣ ይህ ጣጣ የለበትም። ሁለቱም ከሌሉ ኮንቴይነር (ከተቀረው ማሽን የተለየ ክፍል) ውስጥ 22.04 ከፍተሽ እዚያ ጫኚው። 22.04 መደበኛ ድጋፉ እስከ ኤፕሪል 2027 ድረስ ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለው ሊብአይሲዩ70 ዝመናው ይደርሰዋል።

«ሊብአይሲዩ70ን ብቻ ከ22.04 ሪፖ አውርደሽ ጫኚው» የሚልሽ ይኖራል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ስሙ ላይ ቁጥር የተደረገው አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን እንዲኖሩ ነው። ግን ያ ላይብረሪ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወላጅ አልባ ነው። የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝበት አፕት አያውቅለትም፣ አይዘምነውም። የሂሳብ ሥራ የምትሠሪበት ላፕቶፕ ላይ እኔ አላደርገውም። ከዚህም የባሰው የ22.04ን ሪፖ በሙሉ 24.04 ላይ መጨመር ነው። የዴቢያን ሰዎች እንዲህ የተቀላቀለ ማሽን «ፍራንከንዴቢያን» ይሉታል። ዛሬ ይሠራል፣ የሚቀጥለው አፕግሬድ ላይ ግን ሽማግሌው የሁለት አገር ሰዎችን በሁለት ሕግ እንዲያስታርቅ ትጠይቂዋለሽ።

ፖሊሲ የምትለዋን ትዕዛዝ ልመዳት። ከሌሎቹ ሁሉ እሷን ብቻ ብታስታውሺ ይበቃኛል። ከስሪቱ አጠገብ ቁጥሮች ታያለሽ። 500 ማለት ከመደበኛ ሪፖ የሚመጣ ነው። 100 ማለት ማሽኑ ላይ የተጫነው ራሱ ነው። አንድ ፓኬጅ ተጭኖ 100 ብቻ ከሥሩ ካየሽ፣ ሌላ የ500 መስመር ለዚያ ስሪት ከሌለው፣ ያ ስሪት ዛሬ ላይ ከየትኛውም ሪፖ አይመጣም። ብዙ ጊዜ ከተዘጋ ፒፒኤ (ከዋናው ሪፖ ውጭ ከሚጨመር የግል ሪፖ) የቀረ ነው። ኡቡንቱ ትልቁን አፕግሬድ ሲያደርግ ፒፒኤዎችን ይዘጋል፣ የጫኑትን ግን አያነሳም። ቁጥራቸው ከዋናው ሪፖ ስለሚበልጥ አፕት ወደ ኋላ አይመልሳቸውም። እዚያው ተገትረው ሌላውን ያግዳሉ። እንዲህ ያሉትን አንድ ላይ ለማየት አፕት ሊስት ብለሽ በጥቅስ ውስጥ የጥያቄ ምልክትና ኦብሶሊት ጨምሪ።

አሁን አንድ ነገር በጣም አደራ ልበልሽ። «ልቀጥል?» ብሎ «ዋይ» (የስ) ወይም «ኤን» (ኖ) የሚያስመርጥሽ ጥያቄ ላይ ስትደርሺ፣ «ሪሙቭድ» የሚለውን ዝርዝር ሳታነቢ እሺ አትበዪ። ሳይጠይቅሽ እንዲያልፍ ሰረዝ ዋይ ጨምረሽማ በጭራሽ።

ከዓመታት በፊት አንድ ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ኮምፒውተር ላይ አዲስ የግራፊክስ ላይብረሪ ከፒፒኤ ልጭን ፈለግኩ። አፕት ረጅም ዝርዝር አወጣ። አናቱ ላይ የሚጫነው ነበር፣ እሱን አየሁ። መሃሉ ላይ የሚወጣው ነበር፣ እሱን በዓይኔ ዘለልኩት። ኡቡንቱ-ዴስክቶፕ እና ኔትወርክ-ማናጀር እዚያ ውስጥ ነበሩ። እሺ አልኩ። ሪስታርት ሳደርገው ጥቁር ስክሪን ላይ የመግቢያ ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ኔትወርክ የለም፤ ኔትወርኩን የሚመልሰውን ፓኬጅ ለማውረድ ደግሞ ኔትወርክ ያስፈልጋል። በሌላ ማሽን አውርጄ በፍላሽ ሳመላልስ አመሸሁ። ያዳነኝ አንድ ፋይል ነው፦ ቫር፣ ሎግ፣ አፕት ፎልደር ውስጥ ያለው ሂስትሪ ዶት ሎግ። የትኛው ፓኬጅ በስንት ሰዓት እንደወጣ በዝርዝር ተጽፎበታል። አንቺም ላይ የሆነ ቀን ቢደርስ መጀመሪያ እሱን ክፈቺ።

ይህ የደረሰበት ብዙ ሰው አለ። በ2021 ሊነስ ሴባስቲያን የተባለው የቴክኖሎጂ ቪዲዮ አቅራቢ ከኡቡንቱ የተሠራው ፖፕ ኦኤስ ላይ ስቲም የተባለውን የጌም መተግበሪያ ሊጭን ሲል አፕት ዴስክቶፑን በሙሉ ሊያስወግድ እንደሆነ ነገረው። እንዲቀጥል «አዎ፣ እንዳልኩት አድርግ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ጠየቀው። ጻፈው። ዴስክቶፑ ሄደ። ሰው ሳቀበት፣ እኔ ግን ፍርዱ ልክ አልመሰለኝም። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ጎርፍ መሃል ነበር፣ ቋንቋውም ለባለሙያ እንጂ ለተጠቃሚ አልነበረም። የአፕት ሠሪዎችም ከዚያ በኋላ ፈቺው አስፈላጊ ፓኬጆችን በራሱ ለማስወጣት እንዳይሞክር አድርገውታል።

ስለዚህ ልማድ አድርጊው። ትልቅ ነገር ከማድረግሽ በፊት ሰረዝ ኤስ ጨምረሽ በማስመሰል አሂጂው። ምንም አይነካም፣ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ብቻ ይነግርሻል። የሚወጣው ዝርዝር ውስጥ አንቺ የማታውቂው የላይብረሪ ስም ካለ ብዙም አትፍሪ። የዴስክቶፕ፣ የኔትወርክ፣ የፓይተን 3 ወይም የሲስተምዲ ስም ካየሽ ግን እዚያው አቁሚ።

በ2025 ኤፕሪል የወጣው አፕት 3.0 ይህን ሁሉ ለማቅለል ጀምሯል። በዚያው ዓመት ኦገስት የወጣው ዴቢያን 13 ይዞታል። የሚጫነውንና የሚወጣውን በቀለምና በአምድ ይለያል፤ የሚወጣው ቀይ ነው። ከእሱ ጋር የመጣው አዲሱ ፈቺ ደግሞ መንገድ ሲዘጋበት ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ መንገድ ይሞክራል። ሳይሆንለት ሲቀር «ሁለት የሚጋጩ ውሳኔዎች ላይ ደረስኩ» ብሎ የሁለቱንም ምክንያት በሰንሰለት ያሳያል። እነዚህን መልእክቶች ሲያነብ ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ደስታ ነው። ያንቺ ሁለት ማሽኖች ግን ገና እዚያ አልደረሱም፣ ስለዚህ ለጊዜው ሰንሰለቱን በእጅሽ ነው የምትከተዪው።

መብራት ሲጠፋ ስለሚመጣው መልእክትም ልንገርሽ፤ እኛ አገር ይህ ከሁሉም በላይ ይደጋገማል። አፕግሬዱ መሃል ላይ ኃይል ከተቋረጠ፣ ሲመለስ «ዲፒኬጂ ዎዝ ኢንተራፕትድ» ይልሻል። ይህኛው ከዲፔንደንሲ ጋር ግንኙነት የለውም። ሥራው አልተጨረሰም ማለት ብቻ ነው። ሱዶ ዲፒኬጂ፣ ሁለት ሰረዝ ኮንፊገር፣ ሰረዝ ኤ ብለሽ የቀረውን አስጨርሺው። ከዚያ ፊክስ-ብሮክንን አስከትዪ። በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን። ሰው በድንጋጤ የሎክ ፋይሎችን (ሁለት ፕሮሰስ በአንዴ እንዳይሠራ የሚቆልፉትን) ይሰርዛል፣ ሌላ ፕሮሰስ እየሠራ ከሆነ የፓኬጁ መዝገብ ያኔ ነው የምር የሚበላሸው።

ዛሬ ማታ እንዲህ አድርጊ። ላፕቶፑ ላይ ፊክስ-ብሮክን በዪ፣ የሚያስወግደው ያንን አንድ ፕሮግራም ብቻ መሆኑን አይተሽ ፍቀጂ፣ ከዚያ የ24.04ን ፋይል ፈልጊ። ሰርቨሩ ላይ አፕት አፕዴት፣ ከዚያ አፕት አፕግሬድ። ከርነሎቹ ይገባሉ፤ ሰው ሥራ ሲጨርስ ሪስታርት አድርጊው። ሁለቱ ተራ ጠባቂዎች ላይ ፖሊሲ ብለሽ መቶኛቸውን ጻፊና ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እንደገና እዪው። መቶኛው 100 ደርሶ «ፌዝድ» የሚለው ቃል ከጠፋ በኋላም ካልገቡ፣ ሙሉውን አውትፑትና የፖሊሲውን ውጤት ላኪልኝ። የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ቆርጠሽ ግን አትላኪ።